ሲስተር ዋማይታ እና የአራተኛው ቀን ጀልባ

ሲስተር ዋማይታ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበረች። እኔ ያወቅኋት ግን ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት እየተሰበሰብን ወፍ ለማየት እንዞራለን፤ እሷም አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አንድም ረቡዕ ቀርታ አታውቅም። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የኛ ቡድን ከከተማ ወጣ ሲል ባቡሩን፣ ማረፊያውን፣ ምግቡን፣ የትኛው ወፍ በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ ሁሉ የምታቅደው እሷ ናት። እቅዱን በእጇ ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ በዋትሳፕ ትልክልናለች። እኛ ደግሞ ቦርሳችንን ይዘን መምጣት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም ነበር። ናይቫሻ ሄደን በጀልባ ሐይቁ ላይ የዞርን ጊዜ እሷ ዳር ላይ ቀርታ ነበር። «እናንተ ሂዱ፤ ዕቃውን ማን ይጠብቃል?» አለችን። ደግነቷ ነው ብለን አመሰገንናት።

በመስከረም ወር አንድ ረቡዕ ከዙረታችን በኋላ በምንሰበሰብበት የሙዚየም ግቢ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሻይ ይዘን ቆመናል። ኦቹንጎ ጉሮሮውን ጠረገ። ኦቹንጎ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው፤ የሉዎ ሰው፣ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ቀልዱም ድምፁም ከባቡሩ የተረፈ።

«እስከ መቼ ነው የዚህን ግቢ እርግብ ስንቆጥር የምንኖረው? ባሕር እንሂድ! ዋታሙ! ማዕበሉን ከሚሰብረው የኮራል አለት ወዲያ የሚያወጣን ጀልባ እንያዝና የብስ ረግጠው የማያውቁትን የባሕር ወፎች እንይ። ሲስተር፣ እቅድ አውጪ!»

ሁሉም አጨበጨበ። ዋማይታም «እሺ» አለች። ሻይዋ እጇ ላይ ሲፈስ አየሁ፤ ትኩስ ሆኖባት ነው ብዬ አለፍኩት።

ምክንያቱን የነገረችኝ በኋላ ነው። ያደገችው ኜሪ አካባቢ፣ የቡና ማሳ መሃል ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች እንዳትሄድ ወደተከለከለችበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሄዳ፣ የተፈለፈለው ቡና ከሚዘፈዘፍበት ገንዳ ውስጥ ወደቀች። ውሃው እስከ አገጯ ብቻ ነበር። ግን እግሯ ስር ያለው ቡና ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ለመቆም በሞከረች ቁጥር ወለሉ ከስሯ ይሸሻል። ትነሳለች፣ ትሰምጣለች፤ ትነሳለች፣ ትሰምጣለች። አንድ ሠራተኛ በሹራቧ አንገት ይዞ አወጣት። ቤት ስትገባ ዝናብ መታኝ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ከባልዲ የበለጠ ውሃ ውስጥ እግሯን አስገብታ አታውቅም፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እቅዱን ጀመረች። አንደኛ ቀን፦ ባቡር እስከ ሞምባሳ፣ ከዚያ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ። ሁለተኛ ቀን፦ የሶኮኬ ጫካ፣ ትንሿ ጉጉት። ሦስተኛ ቀን፦ ሚዳ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚለቅሙት ወፎች። አራተኛ ቀን ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለት ሳምንት ያ መስመር ባዶውን ቆየ።

በመጨረሻ የአንድ ጀልባ ነጂ ስልክ አገኘች፤ ላሊ ይባላል፣ የባሕር ዳርቻው የባጁን ጎሣ ሰው ነው። ወጥ ቤቷ ቆማ ደወለች። ሰውየው ሲያነሳ ከድምፁ ኋላ ማዕበል ይሰማል።

«ላሊ ነኝ። ወፍ ለማየት ነው? በደስታ! ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን። ከኮራሉ ስንወጣ ውሃው ሰማያዊነቱን ይተውና ይጠቁራል፤ ታች የለውም በቃ፣ የትየለሌ ነው—»

ዘጋችው። የምድጃውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ስልኩ መልሶ ጮኸ። አላነሳችም። ደግሞ ጮኸ። የበቆሎ ዱቄት ጣሳውን ከፍታ ስልኩን ከተተችበትና ክዳኑን ገጠመች። ጣሳው ውስጥ ሆኖ እየተንጫጫ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣሳውን እያየች ላብ አጠመቃት።

በማግስቱ ዋትሳፕ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት መጣልን፦ «ካፒቴኑን ላሊን አግኝቼው ነበር። የጀልባው ሞተር ተበላሽቷል፤ እስከ ጥር አይሠራም። አራተኛው ቀን ዕረፍት ይሆናል።»

ኦቹንጎ ወዲያው መለሰ፦ «በዚያ ሁሉ ባሕር ዳር አንድ ጀልባ ብቻ ነው ያለው?»

«ሌሎቹንም ጠይቄያለሁ። የሉም።»

አንዱ ውሸት ሁለት ሆነ። ባሕሩን መፍራቷ ሳያንስ አሁን ደግሞ እኛን መፍራት ጀመረች። ስልኬ ላይ ስሟን ሳይ ሰላም ልላት እደውላለሁ፤ እሷ ግን በኋላ እንደነገረችኝ በደወልኩ ቁጥር «አወቀችብኝ» እያለች ነበር የምታነሳው። ቀሚሷ ሰፋት። አመመሽ ወይ ስላት «ጨጓራዬ ነው» ትለኛለች።

በኅዳር፣ የሰሜኑ ነፋስ ሳይጀምር ባሕሩ ጋደም በሚልበት ሰሞን፣ አራት ሆነን ሄድን፦ ዋማይታ፣ ኦቹንጎ፣ ሃንሳና እኔ። ሃንሳ እዚያው ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የሕንድ ጉጅራት ዘር ናት፤ ፋርማሲ ነበራት። ጥቂት ነው የምትናገረው፤ ስትናገር ግን ያርፋል። እኔ ደግሞ ናይሮቢ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩ ሐበሻ ነኝ፤ ኦቹንጎ እስካሁን «አዲሷ እንግዳ» ይለኛል።

ጫካው ጥሩ ነበር፤ ጉጉቷንም አየናት። ሦስተኛው ቀን ሚዳ ሄድን። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል፤ ነጭና ጥቁር የለበሱት ሸርጣን በል ወፎች በመቶ ተሰልፈው ይለቅማሉ። ዋማይታ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። እሷ ስትቆጥር እኛ እንጽፋለን።

ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጎልማሳ መረቡን ያጥባል። ጭቃው ላይ የቆመች ሰማያዊ ጀልባ አለችው፤ ቀለሟ ገና አዲስ ነው። ሃንሳ ሰላምታ ሰጠችው።

«ከናይሮቢ ናችሁ? ወፍ ልታዩ?» አለ። «እኔም ወፍ የሚያዩ ሰዎች አወጣለሁ፤ ላሊ እባላለሁ።»

ዋማይታ መቁጠር አቆመች።

«ላሊ!» አለ ኦቹንጎ፣ እጁን ዘርግቶ። «ጀልባህ እንዴት አምሮባታል! ሞተሩ መቼ ተጠገነ?»

«የምን ጥገና?»

«ተበላሽቷል፣ እስከ ጥር አይሠራም ብለህ የለም እንዴ?»

«ማን ነው ይህን የሚያወራብኝ?» ላሊ መረቡን ጣለ። «ሞተሬ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው! በየቀኑ ነው የምወጣው! እንዲያውም ከናይሮቢ አንዲት ሴትዮ ደውለው ሳልጨርስ ዘጉብኝ። ሰባት ጊዜ ደወልኩላቸው። አደጋ ደርሶባቸው ይሆን ብዬ አሳቤ ተከፋፍሎ ነበር የከረመው። ይኸው ቁጥራቸው» አለና ስልኩን አውጥቶ ነካው።

የዋማይታ ቦርሳ ጮኸ።

ቦርሳው ይጮኻል፤ ወፎቹ ደንግጠው ተነሡ። ዋማይታ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ቦርሳውን በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ቆማለች። እስኪበቃው ጮኾ ዝም አለ።

«ፈርቼ ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ውሃ እፈራለሁ። ዋሸኋችሁ።»

ኦቹንጎ ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሲደነግጥም የሚስቅ ሰው ነው። «አንቺ? ሲስተር? ያንን ሁሉ ደም እያየሽ ስታዋልጂ የኖርሽ ሴትዮ ጨው ውሃ ፈራሽ?»

«ሳዋልድ እግሬ መሬት ላይ ነው።»

ደግሞ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሃንሳ «ኦቹንጎ፣ አፍህን ዝጋ» አለችው። ግን አንዴ ወጥቷል። የዋማይታ አንገት ቀልቶ፣ ቅላቱ ወደ ፊቷ ሲወጣ አየሁ። ወደ ላሊ ዞረች።

«ነገ ይወስዱናል?»

«ነገ ባሕሩ ጥሩ ነው፣ እማማ። ግን እርስዎ ካልፈለጉ እንግዶቹን ብቻ—»

«አልፈልግም። እመጣለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ማረፊያችን ደርሰን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ንዴቱ በርዶላት ፍርሃቱ ብቻ ቀርቷል። ወረቀት አውጥታ ለልጇ ትጽፍ ጀመር፤ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ድመቷ ምን እንደማትበላ። አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው።

«መቅረት ትችያለሽ እኮ» አልኳት። «ማንም ምንም አይልሽም።»

«ኦቹንጎ ይላል።» መጽሐፍ ቅዱሷን ዘግታ፣ «አንቺ ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ አብረሽኝ ብትሄጂ ምን ይጠቅመኛል?» አለችና ስትስቅ እንባዋ መጣ።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሕሩ ዳር ነበርን። ሃንሳ የማቅለሽለሽ ክኒን አደለችን። ኦቹንጎ «እኔ ጀልባ ላይ ነው ጡት የጣልኩት» ብሎ ገፋው። ላሊ ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለዋማይታ ራሱ አሰረላት፤ ጣቶቿ ቋጠሮውን እየነካኩ አሥር ጊዜ አረጋገጡ። ወደ ጀልባው የገባችው በአራት እግሯ እየዳኸች ነው። ፊት ለፊት፣ ገመድ ላይ፣ ሼ የሚባል የላሊ ሽማግሌ አጎት ተቀምጧል። ሰላም አለንና ቆቡን ፊቱ ላይ አድርጎ ተኛ።

እስከ ኮራሉ ድረስ ውሃው መስታወት ነበር። ዋማይታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የእጄን አንጓ ይዛ በኪኩዩ ቋንቋዋ ትጸልያለች። ከዚያ በግራም በቀኝም ነጭ አረፋ የሚፈነዳበት ጠባብ መውጫ ላይ ደረስን። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች፤ ወረደች። የዋማይታ ጥፍር ሥጋዬ ውስጥ ገባ። አንዴ እንኳ አልጮኸችም፤ ትንፋሿን ብቻ ነው የምሰማው፣ አጭር አጭር።

የብሱ መጀመሪያ ቀጭን መስመር ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ። ኦቹንጎ ቀልዱን አቆመ። የሱ ሐይቅ እንዲህ አይተነፍስም፤ ብዙም ሳይቆይ የጀልባውን ጠርዝ አቅፎ ሆዱ ያለውን ሁሉ ለባሕሩ ሰጠ። ሃንሳ ብቻ ቆማ «በስተግራ! በስተግራ!» ትላለች፤ በክንፋቸው ጫፍ ውሃውን እየላጩ የሚያልፉ ቡናማ ወፎች ናቸው። ዋማይታ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። ለዚህ ወፍ ሁለት ወር ስትሠቃይ ከርማ፣ በአጠገቧ ሲያልፍ አላየችውም።

ላሊ አንድ ባልዲ የዓሣ ዘይትና ሆድ ዕቃ ባሕሩ ላይ ደፍቶ ሞተሩን አጠፋ። ዝምታው ዋማይታን አስደነገጣት።

«ምን ሆነ?»

«ምንም፣ እማማ። ሽታውን ተከትለው እንዲመጡ ነው።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጥቂት ወፎች ከሩቅ ዞረውን ሄዱ። ላሊ እንመለስ ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ አሳለ። በሦስተኛው ማሳሉንም ተወ።

የፈራሁት ያኔ ነው። ላሊ ሸሚዙን አውልቆ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ስልኬን አየሁ፤ ኔትዎርክ የለም። ጀልባዋ አፍንጫዋ ዞሮ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ እየተንከባለለች ተንሳፈፈች፣ ወዴት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አንድ ማዕበል ጠርዙን ዘሎ ገባ። ውሃው ከባልዲው ከተንጠባጠበው የዓሣ ዘይት ጋር ወለሉ ላይ ተቀላቀለ። ዋማይታ ልትነሳ ስትሞክር እግሯ ተንሸራተተ። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ፍርሃት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

«ገንዳው ነው» አለች። «ገንዳው ነው፣ ገንዳው ነው።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ወገቧን አቅፌ ቁጭ አደረግኋት፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ነኝ ያመጣሁት! ሞተሩ ተበላሽቷል ያልኩት እኔ ነኝ! በአፌ ጠራሁት!»

ሃንሳ ከኋላችን «ሲስተር፣ ሞተር ዋትሳፕ አያነብም» አለች።

ኦቹንጎ ካቀረቀረበት አቃሰተ። ሽማግሌው ሼ ፊት ለፊት ያንኮራፋል። ዋማይታ ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች። በኋላ «እሱ እስከተኛ ድረስ ደህና ነን እል ነበር፤ ያ ሽማግሌ ቢነቃ ኖሮ ልቤ ቀጥ ትል ነበር» ብላኛለች።

ላሊ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ በአፉ ይስባል፣ ይተፋል፤ ይስባል፣ ይተፋል። አርባ ደቂቃ ያህል ሆነ። በዚያ መሃል፣ ሞተሩ ጸጥ ስላለ ይሁን ዘይቱ ስለተንጣለለ፣ ትንንሽ ጥቁር ወፎች መጡ። መጀመሪያ ሁለት፣ ኋላ ሃያ ሆኑ። የማዕበል ወፍ የሚሏት ናት፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። ክንፏን ዘርግታ፣ እግሯን አንጠልጥላ ውሃውን ረገጥ ረገጥ እያደረገች ማዕበሉ ላይ ትሄዳለች።

«ዋማይታ፣ ዓይንሽን ክፈቺ።»

«አልችልም።»

«አንዱን ብቻ።»

አንዱን ከፈተች። አንዷ ወፍ ከጠርዙ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች፤ ያ ሁሉ ጥቁር ውሃ ከስሯ እየተነሣ እየወደቀ፣ እሷ በዚያ ቀጭን እግር ደረጃ እንደምትወጣ ሁሉ ትረግጠዋለች። ዋማይታ ሁለተኛውንም ዓይኗን ከፈተች። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው። ጎንበስ አለች።

«በጣቶቿ መሃል ቢጫ አለ» አለች።

«ምን?»

«የእግሯ ቆዳ። በጣቶቿ መሃል ቢጫ ነው። መጽሐፉን እዩ… አትልቀቂኝ!»

ሃንሳ መጽሐፉን ገለጠች። ከሌሎቹ የምትለየው በዚያ ቢጫ ነበር፤ ከኛ አንዳችንም አላየነውም። ፍርሃቷ ለቀቃት ብል ውሸት ይሆናል። እየፈራች አየች፤ እያየች ፈራች። መንቀጥቀጧ ለአፍታም አላቆመም።

ሞተሩ በድንገት ጮኸ። ላሊ ነዳጅ የነካ ምራቁን ተፍቶ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቆሻሻ ነበር ቱቦውን የዘጋው። ሽማግሌው በሞተሩ ድምፅ ነቃ፤ ዋማይታም እንዳለችው ደነገጠች። ቆቡን አስተካክሎ መጥቶ መሪውን ከላሊ ተቀበለ።

የመግቢያው ነገር ከመውጫው የባሰ ነበር። ማዕበሉ አሁን ከኋላችን ይመጣል። ሼ ከኮራሉ ፊት ጀልባዋን አቁሞ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ማዕበሉን እያየ ይጠብቃል። አንዱን አሳለፈ። ሁለተኛውን አሳለፈ። «አሁን» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተራ ነገር። ጀልባዋ ተስፈነጠረች፤ ነጩ አረፋ በሁለቱም ጎናችን ከጭንቅላታችን በላይ ቆመ። ዋማይታ ያኔ ጮኸች። በኪኩዩ፣ በሙሉ ድምጿ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሌሎች ሴቶች ፊቷ ሲጮኹት እንደኖሩት ጮኸች። ጩኸቷ ሳያልቅ ጸጥ ያለው ውሃ ላይ ነበርን።

አሸዋው ላይ ስንወርድ ዋማይታ እዚያው እርጥቡ ላይ ከነቀሚሷ ተዘረፈጠች። ኦቹንጎ እየተንገዳገደ መጥቶ አጠገቧ በጀርባው ተጋደመ።

«ሲስተር፣ ለሳቄ ይቅርታ።»

«ነገ ትስቃለህ።»

«ነገም አልስቅም። ከነገ ወዲያ ምናልባት።»

የላሊ ሚስት ማሃምሪ የሚሉትን ትኩስ በዘይት የተጠበሰ ዳቦና በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ባቄላ አመጣችልን። ዋማይታ ከአሸዋው ሳትነሣ አራት ማሃምሪ በላች። ከዚያ ወደ ላሊ ቀና ብላ፣ «ስልኩን ዱቄት ውስጥ ነው የከተትኩት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችው። ላሊ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው «ምንም አይደለም፣ እማማ» አላት።

ናይሮቢ እንደገባን ላልመጡት የቡድኑ ሰዎች እውነቱን ራሷ ጻፈችላቸው። ሌላ እቅድ አውጪ ምረጡ አለች። ማንም አልመረጠም።

በመጋቢት ደግሞ ሄድን፤ ሰባት ሆነን። እቅዱን እሷ አወጣች። የጀልባው ቀን ላይ የሁላችንንም ስም ደርድራ፣ ከታች «ዋማይታ — ባሕሩ ዳር» ብላ በደማቁ ጽፋለች። ያን ቀን ባሕሩ ልዝብ ነበር፤ ብዙ ወፍ አየን፤ ወፍ ስናሳድድም ትንሽ ቆየን። ስንመለስ ከሩቅ አየኋት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ሰዓቷን እያሳየች ትጮኽብናለች፦

«ሃያ ደቂቃ! ሃያ ደቂቃ ዘግይታችኋል! ሰው ልትገድሉ ነው እንዴ?»